በግድግዳ ላይ ስለ ተሣለችው እናት

የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። የሰፈራችን ስም ራሱ የሚያወሳው ያለ ሽቦ በነፋስ ላይ ስለሚሄድ ቃል ነውና፣ ሰውን ከሩቅ ስለ መጥራት ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ መኖሪያ አይገኝም እያልሁ አንዳንድ ጊዜ ከራሴ ጋር እቀልዳለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታሪክና አማርኛ አስተማሪ ነበርሁ። ራሴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ ዘመን እኛን የሚሲዮን ልጆች ከሌላው ተማሪ የሚለዩን ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ ጫማችንን ዘወትር መወልወላችን፣ ሁለተኛው ደግሞ ፊደልን በብሩሽ አሳምረን መጻፋችን። የምንጽፈው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ጥቅስ ነበር፤ በካርቶን ላይ ተጽፎ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ይህን ያነሣሁት ለመመካት አይደለም፤ ያ ብሩሽ ወደ ምን እንዳደረሰኝ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የሰሜኑ ጦርነት በበረታበት ጊዜ፣ የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና «አባባ፣ ይህን ሥዕል ይዩልኝማ» አለኝ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ ትጣራለች፤ ከኋላዋ ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል። ልጁ ሊያውቅ የፈለገው ሥዕሉ ያምር እንደሆነ ነው። ያምራል አልሁት፤ በእውነትም ያምር ነበር። ዳሩ ግን ያችን ሴት አስቀድሜ አውቃት ነበር፤ አርባ አምስት ዓመት አላየኋትም እንጂ አልረሳኋትም። አንባቢዬ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ልመረምራት የምፈልገው እርስዋን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። አገር ስትወረር ሕዝብን መጥራት የመንግሥት ግዴታ እንጂ ጥፋቱ አይደለም። በአገራችንም ጥሪው ጥንት በነጋሪት የሚታወጅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. ያስነገሩትን የክተት አዋጅ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ሆኖም ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ልብ የሚነካውን ክፍል ብቻ ነው። እኔ ተማሪዎቼን አቁሜ ደጋግሜ አስነብባቸው የነበረው መጨረሻውን ነው። በዚያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመቻቸው በጥቅምት እንደሆነ፣ የሸዋም ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ላይ እንዲገኝላቸው ይናገራሉ። እንግዲህ አዋጁ ቀን አለው፤ ቦታ አለው፤ ጠሪውም በዚያ ቀን በዚያ ቦታ እገኛለሁ ብሎ ራሱን በቃሉ አስሯል። ጕልበት የሌለው ሰው በምን እንደሚረዳም አልተረሳም። ማስፈራሪያም አለበት፤ የሚቀረውን ሰው እንደማይተዉት ንጉሠ ነገሥቱ በማርያም ምለው ነው የተናገሩት። ማስፈራሪያው ዛሬ ሲያነቡት ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ማስፈራሪያ መሆኑ በግልጽ የታወቀ ነው፤ በሚያምር ቀለም አልተሸፈነም። ከዚያም ንጉሡም እቴጌ ጣይቱም እስከ ዓድዋ ድረስ ሄዱ።

ወረቀት የነጋሪትን ቦታ በያዘ ጊዜም ይህ ልማድ ወዲያው አልጠፋም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ከቦምቡ ጋር በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይበትኑ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነና፣ እንግሊዞች በካርቱም «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ እያሳተሙ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበትንም አዋጅ ከአይሮፕላን እየበተኑ የአርበኛውን ልብ ያጸኑ ነበር። ይህን ሥራ የመራው ጆርጅ ስቲር ይባላል፤ የወረራውን ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። ወረቀቱ ፕሮፓጋንዳ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በማኅተሙ ላይ ስሙ የታተመው ሰው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ራሱ ገባ። ወረቀቱን ያነበበ አርበኛ የጠራውን ሰው በዓይኑ ለማየት በቃ ማለት ነው።

በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ የተወለደውም በፈረንጅ አገር ነው። እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1914 አልፍሬድ ሊት የተባለ ሰዓሊ የእንግሊዙን የጦር ሚኒስትር የሎርድ ኪችነርን ፊት ሣለ፤ የኪችነር ጣት በተመልካቹ ላይ ተቀስሯል። በ1917 አሜሪካኖች ያንኑ ጣት ወስደው «አጎት ሳም» ለሚሉት ሽማግሌ ሰጡት። በ1920 የሩሲያ ቀይ ጦር ሰዓሊ ዲሚትሪ ሞር ያንኑ ጣት ለአንድ ቀይ ወታደር ሰጠው። ጣቱ አንድ ነው፤ የተለዋወጠው ባርኔጣው ብቻ ነው። ነጋዴ የሸማቹን ዓይን ለመሳብ ያወጣው ዘዴ ለመንግሥት መዋል የጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። ሳሙና ለመሸጥ የተማረ እጅ ሞትን ለመሸጥ ብዙ መልመድ አላስፈለገውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን በ1915 ሳቪል ላምሊ የሣለው ነው። አንድ አባት በወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ትንሽ ሴት ልጁ በጭኑ ላይ ሆና በታላቁ ጦርነት ጊዜ ምን ሠርቶ እንደ ነበር ትጠይቀዋለች፤ ወንድሟ ከእግራቸው ሥር በአሻንጉሊት ወታደሮች ይጫወታል። አባትየው የሚመልሰው የለውም፤ ዓይኑ ወደ ሩቅ ያያል። እዚህ ላይ ሚኒስትሩ ከሥዕሉ ወጥቶ ሄዷል። የሚጠራው ሕፃን ነው። መንግሥት በሕፃን አፍ ሲናገር ማን ይከራከረዋል? ምኒልክ «አልተውህም» ባሉበት ቦታ ላይ የላምሊ ሥዕል «ልጅህ ያፍርብሃል» ይላል። ሁለቱም ማስፈራሪያ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ማስፈራሪያ መሆኑን ደብቋል፤ የፈሪውንም ቅጣት የሚፈጽመው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጁ ነው።

ኢራክሊ ቶይዴዝ በ1941 ጀርመን ሩሲያን በወረረችበት ወራት የሣላት «እናት አገር» ደግሞ የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ናት። ቀይ የለበሰች፣ ጠንካራ ሴት ናት፤ በቀኝ እጇ የወታደሩን መሐላ ይዛ ግራዋን ወደ ላይ አንሥታለች፤ ከኋላዋ የጠመንጃ ሳንጃዎች እንደ ደን ቆመዋል። ሰዓሊው የገዛ ሚስቱን አስቁሞ እንደ ሣላት ይነገራል። ይህን ሥዕል በመጽሐፍ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው፤ ባየሁትም ጊዜ ደነገጥሁ፤ ዘመዷን ከዚያ በፊት በገዛ እጄ በግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበርና።

በ1969 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን የደርጉ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የእናት አገርን ጥሪ አሰሙ። የቀበሌአችን ሰዎች ጽሕፈቴን ያውቁ ነበርና አስጠሩኝ፤ ቀይ ቀለም በጣሳ፣ ሁለት ብሩሽና አንድ ጣቃ አቡጀዲም ሰጡኝ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር»፣ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» እያልሁ ጻፍሁ። ተገድጄ ጻፍሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ፊደሌ በሰልፉ ፊት ሲሄድ በማየቴ ኰርቼ ነበር። የሁለተኛው መፈክር አነጋገር የኩባ አብዮተኞችን «አገር ወይም ሞት» እንደሚመስል ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን ከአገር ሌላ ምርጫው ሞት ብቻ መሆኑ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጥሩ ጸሐፊ የሚጽፈውን አያነብም።

ከላይ ታትሞ የመጣም ሥዕል ነበር፤ በዱቄት ሙጫ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። እጇን ያነሣች ሴት ናት፤ ከኋላዋ ታጣቂዎች ይተማሉ። ከቤታችን አጠገብ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ፊደል አልቆጠሩም። ዱቄታቸውን አዝለው ከወፍጮ ሲመለሱ ቆሙና፤

«ምን ይላል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እናት አገር ትጠራለች ይላል፣ እትዬ።»

ሴትዮዋን ብዙ ጊዜ አዩአት። «ልጇ የታል?» አሉ።

«የማን ልጅ?»

«የእርስዋ ነዋ። እናት ናት አላልኸኝም? አላዘለችም፤ በአጠገቧም የቆመ የለ።»

«እትዬ፣ ይህ እኮ ሥዕል ነው።»

«እርሱንማ አያለሁ» ብለው ሄዱ።

አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ በግንበኛ ረዳትነት ይሠራል፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ሶማሊያ በሐምሌ በመደበኛ ጦር ወረረችን፤ እርሱም በነሐሴ ተመዘገበ። በዚያ ዘመን በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ ወደ 300,000 እንደሚደርስ ይነገር ነበር፤ አብዛኛው ገበሬ ይሁን እንጂ ከከተማም የሄደ አለ። ስሙን በመዝገቡ ላይ የጻፍሁለት እኔ ነኝ። «የምንሄደው ወደ ኦጋዴን ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳላውቅ «አዎን» አልሁት። ሥዕሉ ስለ ግንባሩ የሚናገረው አልነበረውምና እኔ ሞላሁበት። ሚሊሺያው ግን ለኤርትራም ጭምር የተዘጋጀ ነበር። ከእርሱ የመጣችው አንዲት ደብዳቤ ከአሥመራ የተላከች ነበረች፤ ለእናቱ ያነበብሁላቸውም እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም፤ መርዶም አልመጣም። ምኒልክ ወረኢሉ ብለው ነበር። የእኛ ሥዕል «ና» ብቻ ነው ያለው።

በዚያው ዓመት ስለ ሆነው ሌላ ነገርም ዝም ልል አልችልም። ሊቀ መንበሩ በሚያዝያ ወር በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ሰብረው ነበር፤ ይህም ራሱ በብሩሽ ያልተሣለ ሥዕል ነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በከተማችን መንገድ ዳር የወጣቶች ሬሳ ተጥሎ ይታይ ጀመር፤ በደረታቸውም ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ወረቀት ይደረግ ነበር። አንድ ጧት ወደ ሳሪስ ስወርድ እንደዚህ ያለ አንድ ሬሳ አየሁ። ቀርቤ ለማንበብ አልደፈርሁም። ወታደሮቹን ፈርቼ ነው ብዬ ለብዙ ሰው ነግሬአለሁ። እውነቱ ግን ፊደሉ የማን እንደሆነ ለማወቅ አለመፈለጌ ነው። እኔ ያን ዓይነት ወረቀት አልጻፍሁም፤ ነገር ግን በቀበሌው ክፍል ውስጥ ብሩሽ አያያዝ ያስተማርኋቸው ሦስት ልጆች ነበሩ።

የሶማሊያ ወረራ እውነተኛ ነበር። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ተይዛ፣ በካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን ተመለሰች፤ ለዚያ ድል የወደቀውን ሰው፣ ከኩባ ድረስ መጥቶ የሞተውንም ጭምር፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በሶማሊያ ወራሪ ጊዜ አልተጠራሁም የሚል ካለ እርሱ ይፈር። እኔ የምነቅፈው ጥሪውን ሳይሆን ጠሪውን መደበቁን ነው። እናት የተመረጠችው ለምንድን ነው? የእናት ጥሪ ምክንያት የማይጠየቅበት፣ ቀንና ቦታ የማይቈረጥበት፣ ደመወዝ የማይነሣበት ብቸኛ ጥሪ ስለሆነ ነው። የሚኒስትር ፊት ቢሣል ሰው «አንተስ የት ነህ?» ይለዋል። እናትን ግን እንዲህ የሚል ልጅ የለም። የእትዬ ጥያቄ ከብዙ ምሁር ትችት የበለጠብኝም ስለዚህ ነው፤ ሥዕሉ እንዳይጠየቅ የደበቀውን ነገር ከነዱቄታቸው ቆመው ጠየቁ።

ጠላት በእነዚህ ሥዕሎች ላይ እንዴት እንደሚታይም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። የዓድዋ ሥዕሎቻችንም ይህን ሥርዓት ጠብቀው ጣሊያኑን በአንድ ዓይን ሣሉት። ይህ ለሥዕል ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ሰማዕትና ከሓዲ ተለይተው የሚታወቁበት ፊደል ነው። ለመንግሥት ግን አደገኛ ነው፤ ትናንት ጎረቤት የነበረውን ሰው ዛሬ በጎኑ አዙሮ ሁለተኛውን ዓይን መሰወር የአንድ ሌሊት ሥራ ነውና። በእኛ ጊዜ ከሶማሊያው ወታደር ይልቅ በአንድ ዓይን የተሣለው የገዛ ወገናችን፣ የገዛ ትምህርት ቤት ጓደኛችን ነበር።

ጣቱ ሲደክም ደግሞ ሕጉ ይከተላል። እንግሊዝ ሥዕሏን በ1914 ለጠፈች፤ በ1916 የግዳጅ ውትድርና አወጀች። በእኛ አገር ጥሪው በ1969 ተሰማ፤ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጣ፤ ከዚያም በመጨረሻዎቹ ዓመታት አፈሳ መጣ፤ ልጅ ከገበያና ከመንገድ እየታፈሰ ተጫነ። በአፈሳው ጊዜ ሥዕል የሚለጥፍ ሰው መኖሩን አላስታውስም። ሰው በፈቃዱ በማይመጣበት ቀን ውበት አያስፈልግም።

በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ በቸርችል ጎዳና ላይ በሰሜን ኮሪያ ሰዎች እርዳታ የትግላችን ሐውልት ቆመ። ተማሪዎቼን ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በግራና በቀኝ ባለው ግንብ ላይ የተቀረጹት ሰዎች ሁሉ የበረቱ ናቸው፤ ሁሉም ወደ ፊት ይሄዳሉ። በዚያ ቦታ የወደቁት የኩባ ወታደሮች ፎቶግራፍ ለየብቻው ተደርጎ አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ፊት አለው። ይህን ባየሁ ቁጥር እጅግ ደስ ይለኛል፤ ወዲያውም አዝናለሁ፤ የእትዬን ልጅ ፊት የት ሄጄ እንደምፈልገው አላውቅምና። መንግሥት የሟቾችን ልጆች ለማሳደግ አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን ማቋቋሙ መልካም ሥራ ነበር፤ ለሟቹ እናት ግን እንደዚያ ያለ አምባ አልነበረም።

ወደ 2014 ዓ.ም. ልመለስ። በዚያው ኅዳር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ግንባር እንደሚሄዱ አስታውቀው ሄዱ፤ በዚህ በኩል ነገሩ የጥንቱን አዋጅ ይመስላል የሚል ቢኖር አልከራከረውም። ሆኖም መሄዳቸው ራሱ በፎቶግራፍ ሆኖ እንደ ሌላው ሥዕል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በዚያ ጦርነት የተሰለፈው ወገን ሁሉ እጇን ያነሣች እናት የነበረችው መሆኑ ነው፤ እናቶቹም የጠሩት የአንድ አገር ልጆችን ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። በልጅ ልጄ ስልክ ውስጥ ያለው ሥዕል ግን አልተላጠም፤ የግድግዳው ወረቀት ቢያንስ በክረምት ዝናብ ይላጥ ነበር።

ነገሬን ከመጨረሴ በፊት በ1991 ዓ.ም.፣ በባድመ ጦርነት ጊዜ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። የቶይዴዝን ሥዕል ቅጂ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰክቼ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን የእትዬን ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ «ይህች ሴት እናት ናት፤ ልጇ የታል?» ብዙዎቹ ሞቷል አሉ፤ አንዱ ዘምቷል አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ «ልጇማ ሥዕሉን የሚያየው ሰው ነው» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ አልታየኝም ነበር። ከአሥር አሥር ሰጠኋት።

በዚያ ቅዳሜ እትዬን ልጠይቃቸው ሄድሁ። አርጅተው ነበር፤ እንጀራ መጋገሩንም ትተዋል። በሰልፉ ጊዜ ከተረፈው አቡጀዲ አንድ ቁራጭ ለምነውኝ ሰጥቻቸው ነበር፤ በእንዶድ ደጋግመው ቢያጥቡት ቀዩ አለቅ ብሎ፣ ዛሬም ድረስ መሶባቸውን የሚሸፍኑት በእርሱ ነው። የተማሪዬን መልስ ነገርኋቸው። ጥያቄውን እርሳቸው እንደ ጠየቁት ረስተውት ስለ ነበር ከመጀመሪያው ማስረዳት አስፈለገኝ። ሰምተው ሲያበቁ ጥቂት ዝም አሉ።

«ልጇ ቆሞ እያያት ነው በለኛ!» አሉ። «ታዲያ እጇን ወደ ሰማይ የሰቀለችው ለምንድን ነው? እኔ ብሆን እርሱን ነበር የምይዝበት።»

«አገርስ ተወርራ፣ እትዬ?»

«አገርማ ተወርራ ነበር» አሉ፤ ጀበናውንም አንሥተው ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ።